አዋጁ በዛ፣ ከለላው ጠፋ

ደክሞናል። ስለ ኢንተርኔት አዲስ አዋጅ ወጣ ሲባል መስማት ደክሞናል፤ አዋጁ ወጥቶም በስልካችን የሚደርስብን ነገር እንዳለ መቀጠሉን ማየት ከዚያ በላይ አድክሞናል። በ2008 ዓ.ም. የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ወጣ፣ ቁጥር 958። በ2012 የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት ለመከላከልና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185 ተከተለ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205፣ በ2013 የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238፣ በ2015 የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ 1284፣ በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 መጡ። ቁጥሮቹን ደርድሮ ላየ ሰው ሕግ የጎደለብን አይመስለውም።

ስልኩን የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ግን ሌላ ነው። ጠዋት «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አሸንፈዋል» የሚል መልእክት ይገባል። ቀትር ላይ አንዱ ይደውልና «ከቴሌ ነው፤ አሁን የተላከልዎትን ኮድ ይንገሩኝ» ይላል። እናቶቻችን ከቴሌ ነኝ ያለን ሰው መጠራጠር ነውር ስለሚመስላቸው ይነግሩታል፤ የዕቁቡ ብር በደቂቃ ውስጥ ይሄዳል። ማታ ደግሞ ላይቭ የገባ ሰው የአንድን ብሔር ስም እየጠራ ሲሳደብ ስንትና ስንት ሰው ቁጭ ብሎ ያዳምጠዋል፤ ስጦታም ይልክለታል፤ ስድብ መተዳደሪያ ይሆናል። ነጋ ጠባ ይኸው ነው። አቤት የሚባልበት ቦታ አለ ቢባልም የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ሕግ ለምን ወጣ ብዬ አይደለም የማማርረው። ሕግ ያስፈልጋል፤ ለዚያውም አጥብቆ ያስፈልጋል። የሚያንገበግበኝ ሕጎቻችን የተናገረውን ሰው ፈልጎ መያዝ እንጂ የተጎዳውን ሰው ደርሶ ማዳን ያልተማሩ መሆናቸው ነው። አንድ አንቀጽ ሲረቀቅ መጀመሪያ የሚታሰበው «ማንን እንቅጣ?» የሚለው ነው። «ማን ተጎዳ? ማን ይድረስለት? በስንት ሰዓት ይድረስለት?» የሚለው ወይ መጨረሻ ላይ ይታሰባል፣ ወይ ጭራሽ ይረሳል።

የካቲት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. የጸደቀውን አዋጅ 1185ን እንውሰድ። 23 የምክር ቤት አባላት ተቃውመውታል፤ በእኛ ምክር ቤት ይህን ያህል እጅ ለተቃውሞ ሲነሳ ብዙ አይታይም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ሰው በማንነቱ ሲፈናቀልና ሲገደል ከርሟል፤ በፌስቡክ የሚጻፈውም እሳቱን አባብሶታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ፤ ቢሆንም ዘግይቶም መጮኹ ባልከፋ ነበር። የከፋው ጩኸቱ የዞረበት አቅጣጫ ነው። ጥላቻ ያሰራጨ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ እስከ አንድ ዓመት ወይም እስከ 50,000 ብር። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ያሰራጨው ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይከብድበታል። ኩባንያዎቹስ? ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሱ ተደንግጓል። ሳያነሱ ቢቀሩ ምን እንደሚደርስባቸው ግን እንደ ግለሰቡ በዓመትና በብር ተቆርጦ የተቀመጠ ነገር የለም። የጻፈው ሰው ቅጣቱ ተቆጥሮ ተነግሮታል። ጽሑፉን ለሚሊዮን ሕዝብ አድርሶ በላዩ ማስታወቂያ የሸጠው ድርጅት የተነገረው ግዴታው ብቻ ነው።

ያ 5,000 የሚባለው ቁጥርም ያሳዝነኛል። ሰው ሁሉ ፌስቡክ ላይ በነበረበት ዘመን፣ ብዙ ተከታይ ያለው ብዙ ይሰማል በሚል ግምት የተቀመጠ ነው። ዛሬ ጫማ በቲክቶክ የሚሸጥ የመርካቶ ልጅ 5,000 ተከታይ ለማግኘት ብዙ አይቆይም። በአንጻሩ ትናንት የተከፈተና 40 ሰው የማይከተለው ገጽ፣ ቪዲዮውን የቲክቶክ ስሌት ከወደደለት እስከ ነገ ጠዋት በመቶ ሺዎች ስልክ ላይ ይገኛል። ያን ያህል ሰው ዘንድ ያደረሰው የተከታዩ ብዛት ሳይሆን የኩባንያው ስሌት ነው፤ አዋጁ ግን ስሌቱን ጨርሶ አያውቀውም። ከቴሌግራም ግሩፕ ወደ ዋትስአፕ፣ ከዋትስአፕ ወደ ኢሞ እየተላለፈ የሚዞረው የድምፅ መልእክትማ ተከታይ የሚባል ነገር የለውም። አዋጁ በወጣ በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ ነገሩ ሁሉ ተቀይሮ ሳለ አንቀጹ ዛሬም እዚያው ቆሟል።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ምን እንደሆነ ለማወቅ የፕሮፌሰር መዓረግ አማረን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ፣ የትግራይ ጦርነት በተፋፋመበት ሰዓት፣ ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸው፣ የሚሠሩበት ቦታና የሚኖሩበት ሰፈር በፌስቡክ ተለጠፈ፤ ትግራዋይ መሆናቸው ተጠቅሶ ብዙ ውንጀላ ተደረደረባቸው። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ ከቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከጽሑፎቹ አንዱ መመሪያ ይጥሳል የሚለው የኩባንያው መልስ ለልጁ የደረሰው አባቱ ከሞቱ በኋላ ነበር።

ቀኑን አስተውሉ። አዋጅ 1185 ከወጣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ነበር። የ24 ሰዓቱ ግዴታ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ በሥራ ላይ ነበር። ሆኖም ያ አንቀጽ ለአንድ የባሕር ዳር መምህር የአንዲት ሰዓት ከለላ አልሰጠም። ልጃቸው ፍትሕ ፍለጋ ክስ የመሠረተው አገሩ ላይ አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ነው፤ በአካባቢያችን ቋንቋዎች የተለጠፈውን የሚያጣሩት የተቋራጭ ድርጅት ሠራተኞች እዚያ ስለነበሩ ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያ ምድር በተገደለበት ጉዳይ አንድ ግዙፍ ኩባንያን ችሎት ፊት ለማቆም ድንበር መሻገር አስፈለገ። ይህን ሳስብ ያመኛል። የእኛ ሕግ አውጪዎች በዚህ ጉዳይ ቁጭ ብለው «ለምን ወደኛ አልመጣም? ምን ቢኖር ኖሮ ይመጣ ነበር?» ብለው ሲወያዩ መስማት እፈልግ ነበር።

ግድያን የሚያህል ነገር ሳይደርስ በየቀኑ የሚደርሰውም ቀላል አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ፣ ገና ሥራ የጀመረች ወጣት፣ ፎቶዋን አንድ ሰው ወስዶ በስሟ የቴሌግራም ገጽ ከፈተበት። ከፊቷ በታች የእሷ ያልሆነ ገላ ቀጥሎ ለዘመድ ለባልደረባዋ ይልካል፤ ገንዘብም ይጠይቅበታል። እናቷ ማልቀስ እንጂ ሌላ ስላልሆነላቸው አብሬያት ወደ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የተቀበለን መርማሪ ጨዋ ሰው ነበር፤ ልጅቷን በአክብሮት አናገራት። ግን የሚያውቀው የሥራ መንገድ የወረቀት ነው። «እህቴ፣ ስክሪንሾቱን ፕሪንት አስደርገሽ አምጪና ከፋይሉ ጋር እናያይዘዋለን» አላት።

ከጣቢያው ማዶ ወዳለች ፎቶኮፒ ቤት ተሻገርን። ፕሪንት ለማድረግ ምስሎቹን ለሱቁ ልጅ በቴሌግራም መላክ አለባት። ላከች። ልጁ በትልቁ ስክሪን ከፈታቸው። ከኋላችን የመታወቂያ ኮፒ ሊያስነሱ የተሰለፉ ሰዎች አሉ፤ ሁሉም አዩ። ልጅቷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ያን ወረቀት ይዘን ስንመለስ ጉዳዩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት መጻፍ እንዳለበት፣ ገጹ ደግሞ «ውጭ አገር ባለ ኩባንያ እጅ» ስለሆነ መልስ መቼ እንደሚመጣ እንደማይታወቅ ተነገረን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ በሰው ነፃነትና ክብር ላይ የሚፈጸምን ወንጀል ይቀጣል፤ አንቀጽ 13ን አንብቤዋለሁ። ግን አንቀጹ ከዚያች ልጅ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልተሠራለትም። ማስረጃን ሳያዋርድ የሚቀበል ጠረጴዛ፣ በዚያው ቀን ኩባንያውን የሚያገኝ ሰው፣ «ነገ እደውልልሻለሁ» የሚል ድምፅ የለም። ለእነዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም ነበር፤ በጀትና ሥልጠና ይበቃቸው ነበር።

ሕጉ በጥቃቅኑ መድረስ ሲያቅተው መንግሥት የሚያውቀው ትልቅ መፍትሔ አለ፦ መዝጋት። ግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ባሉ ዓመታት ፈተና በመጣ ቁጥር አገር ሙሉ ኢንተርኔቱ እንዳይጠፋ ይሰጋ ነበር። ለተፈታኞች ተብሎ ባለ ካፌው፣ አስጎብኚው፣ ባንኩ፣ ውጭ አገር ካለ ልጇ ጋር የምታወራ እናት ሁሉ ተቀጡ። ፈተናው የሚወጣው ግን ከማተሚያ ቤት እስከ ፈተና ጣቢያ ባለው መንገድ ላይ ባሉ ሰዎች እጅ ነበር። ዛሬ ያው ፈተና ለብዙ ተማሪዎች በኦንላይን ይሰጣል። ኢንተርኔቱን የዘጋንበት ፈተና ራሱ ወደ ኦንላይን ገባ። ችግሩ አሠራር እንደነበር ለመረዳት ይህን ያህል ዓመት መክሰር አልነበረብንም።

ከፈተና የከፋም አይተናል። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት ሁለት ዓመት የዘለቀ ጨለማ ሆነ፤ ሰው የወላጁን ሞት ከወራት በኋላ ሰማ። በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተነሳው ውዝግብ ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ የተለቀቁት ሐምሌ ላይ ነው። በእነዚያ አምስት ወራት አገሩ ሁሉ ቪፒኤን ጫነ። የሚያውቀው ወጣት ለማያውቀው አዛውንት ይጭንለታል፤ ቪፒኤኑ ደግሞ ከየት እንደመጣ፣ የስልኩን መረጃ ለማን እንደሚልክ የሚጠይቅ የለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም መግለጫቸውን በዚያው በተገደበው ፌስቡክ ማውጣታቸውን አላቋረጡም። ሕዝብን ከአደጋ ለመጠበቅ የተባለው እገዳ ሕዝቡን ማን እንደሠራው ወደማይታወቅ አፕ ገፋው።

ለመሆኑ በመደበኛው ጊዜ ኢንተርኔት እንዲዘጋ የሚያዘው ማን ነው? ለስንት ቀን ነው? ለማን ነው መልስ የሚሰጠው? የከሰረው ነጋዴስ ማንን ይጠይቃል? ይህን በግልጽ የሚደነግግ አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት የሚገደበው በሕግ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ግለሰብ በአንድ ጽሑፍ ሦስት ዓመት የሚታሰርበትን ዝርዝር የጻፈ ምክር ቤት፣ ሚሊዮኖች በአንድ ሌሊት ከዓለም የሚቆረጡበትን ሥርዓት በሁለት ገጽ መጻፍ እንዴት አቃተው?

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን መንግሥት ራሱ ኑሯችንን ጠቅልሎ እዚያ አስገብቶታል። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ካልሆነ አይቀዳም ተባለ፤ ሰልፉ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ባለ ታክሲው የቀን ገቢውን ይዞ ቆሞ ይቀራል። የባንክ ሒሳብ ያለ ዲጂታል መታወቂያ (ፋይዳ) ቁጥር አይከፈትም ተባለ። ጥሩ፤ ዘመኑ ነው፤ አልቃወምም። ግን ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ የወጣው በ2015 ነው። የዚያን መታወቂያ መረጃ ጨምሮ የማንኛችንም የግል መረጃ እንዴት እንደሚጠበቅ የሚናገረው አዋጅ 1321 የጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የጣት አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል አስቀድመን ሰጠን፤ እንዴት እንደሚያዝ የሚወስነው አጠቃላይ ሕግ ከዓመት በኋላ መጣ።

ከመጣስ በኋላ ምን ተቀየረ? ማንኛውም ሕንፃ ስትገቡ የበሩ ጥበቃ የሚያስፈርማችሁን ደብተር ልብ በሉት። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ። ደብተሩ ተዘርግቶ ነው የሚውለው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ከሱ በፊት የፈረመችውን ሴት ስምና ስልክ እያነበበ ይፈርማል። ማታ የማታውቀው ሰው ሲደውልላት «ቁጥሬን ከየት አገኘኸው?» ትላለች። ያን ደብተር ክደኑት የሚል አንድ ገጽ መመሪያ ከሁሉም በፊት ይወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አዋጁን እንዲያስፈጽም ሥልጣን ተሰጥቶታል፤ ሕዝቡ ግን መረጃው ሲበተን ለማን አቤት እንደሚል ገና አልተነገረውም።

የልጆቻችን ነገር ደግሞ ሌላው ሕመም ነው። ትልልቆቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች አንቀበልም ይላሉ። በ2006 ዓ.ም. የተወለደች የ12 ዓመት ልጅ ገጽ ስትከፍት የልደት ዘመን ትጠየቃለች። ሳትዋሽ፣ እናቷ የነገረቻትን፣ 2006 ብላ ትጽፋለች። ኩባንያው በፈረንጅ አቆጣጠር ያነብበውና ወደ 20 ዓመት የተጠጋች ወጣት ያደርጋታል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚመጣላት ማስታወቂያ፣ የሚመጣላት ቪዲዮ፣ መልእክት ሊልክላት የሚፈቀድለት ሰው ሁሉ ለአዋቂ የተፈቀደው ነው። የዘመን አቆጣጠራችንን ልዩነት ከእኛ ሕግ አውጪዎች በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ለኩባንያዎቹ «በኢትዮጵያ የምትሠሩ ከሆነ ይህን አስተካክሉ» የሚል ደብዳቤ ተጽፎ እንደሆነ አልሰማሁም።

ሌላው ዓለም ሁሉን አጥርቶ ጨርሷል ማለቴ አይደለም። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ እንዳይኖራቸው የሚከለክለውን ሕግ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ አድርጋለች። ሕጉ ምክር ቤት ገብቶ የጸደቀው በአንድ ሳምንት ገደማ ነው፤ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት የተተወለትም አንድ ቀን ብቻ ነበር። ብሪታንያም በ2017 ክረምት የዕድሜ ማረጋገጫ ስታስገድድ ሰው ወደ ቪፒኤን ሮጠ፤ እኛ በ2015 ያየነው ነው። ጥድፊያውም፣ ከእውነተኛው ኑሮ መራቁም የጋራ በሽታ ነው። በአንድ ነገር ግን ይለያሉ። በአውስትራሊያ ሕግ የሚቀጣው ልጁም ወላጁም አይደለም፤ ኩባንያው ነው፤ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር። በብሪታንያም ቅጣቱ ከዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። ሕጎቹ ይሠራሉ አይሠሩም ገና ይታያል፤ ሸክሙ ትከሻ ባለው ላይ መጫኑ ግን ትክክል ነው።

እኛ ትንሽ ገበያ ነን፣ ማን ይሰማናል የሚል መልስ እንዳለ አውቃለሁ። ግማሽ እውነት አለው። ግን ኩባንያዎቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚጽፉ ሚሊዮኖች እንዳሏቸው ያውቃሉ፤ ማስታወቂያም ይሸጡባቸዋል። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከአፍሪካ ኅብረት ጋር አንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል፤ የኅብረቱ መቀመጫ አዲስ አበባ ነው። ወንጀሉም ድንበር አያውቅም፦ በ2017 ዓ.ም. በታይላንድ ድንበር አጠገብ ካሉት የማይናማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት ሰዎች መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹ «ጥሩ ደመወዝ» በሚል የሥራ ማስታወቂያ ተታለው የሄዱ ናቸው። የሌላ አገር አሮጊት ገንዘብ በኦንላይን እንዲያጭበረብሩ እየተደበደቡ ተገደዱ። የእኛ ልጆች በኢንተርኔት ወንጀል የተጎዱም፣ ተገደው የሚጎዱም ሆኑ። ይህን የሚያህል ጉዳይ ሳለ የሕግ አውጪው ዋና ጭንቀት ማን ምን አለ የሚለው መሆኑ ያስቆጫል።

ሕጎቹ የሚወለዱበት መንገድም የዚሁ ችግር አካል ነው። ረቂቁ በባለሙያዎች ይዘጋጃል፤ ብዙ ጊዜ ሕዝብ የሚያየው ምክር ቤት ሊገባ ሲል ነው። በአንድ አዳራሽ «የባለድርሻ አካላት ውይይት» ይጠራል። ወረቀቱ የሚሰጠው በር ላይ ነው፤ ሃምሳ ገጽ በሻይ ሰዓት ይነበባል። የሚናገረው ሰው ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ሰብሳቢው «ጥሩ ግብዓት ነው፣ እንወስደዋለን» ብሎ ይዘጋል። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው። የተታለለችው እናት፣ ፎቶዋ የተወሰደባት ወጣት፣ የፎቶኮፒ ቤቱ ልጅ፣ የጣቢያው መርማሪ እዚያ አዳራሽ ተጠርተው አያውቁም፤ ችግሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ሳሉ።

የወጣውም ሕግ አይረጋም። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ የዘርፉን ባለሥልጣን ከአስፈጻሚው እጅ ትንሽ አራቀው ብለን ደስ ብሎን ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ተሻሻለና ዋና ዳይሬክተሩን የሚሾሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆኑ፤ ፈቃድን የማገድና የመሰረዝ ሥልጣንም ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣኑ ዞረ። ዜና ቤቶች ፈቃዳቸው እንዳይነካ ሲሉ ዝም በሚሉበት አገር እውነተኛ ዜና ይጠፋል፤ እውነተኛ ዜና በጠፋበት ደግሞ ሰው ወሬን ከላይቭ ይፈልጋል። ሐሰተኛ መረጃን እታገላለሁ የሚል ምክር ቤት ታማኝ ዜና የሚሠራውን ትጥቅ ማስፈታት የለበትም ነበር።

እንግዲህ ምን እንፈልጋለን? ብዙ አይደለም። የተጎዳ ሰው በአንድ ስልክ ቁጥር፣ በሚገባው ቋንቋ፣ በማንኛውም ሰዓት የሚያገኘው ጠረጴዛ ይኑር፤ ማስረጃን በአደባባይ ሳያስጣ ይቀበል። በየክልሉ ፖሊስ ኩባንያዎቹን በቀጥታ የሚያገኝ የሠለጠነ ሰው ይቀመጥ። የ24 ሰዓቱ ግዴታ ቅጣት ይኑረው፤ ቅጣቱም ኩባንያው የሚሰማው ይሁን። ኩባንያዎቹ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያጣሩ ስንት ሠራተኞች እንዳሏቸው፣ ስንት ጥቆማ ደርሷቸው ስንቱን እንዳነሱ በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ያስታውቁ፤ እኛም እናንብበው። ኢንተርኔት የሚቋረጥ ከሆነ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ቀን፣ ለተወሰነ ቦታ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ተገልጾ ይሁን። 5,000 የምትለዋ ቁጥር ትሰረዝ። የሚወጣው ሁሉ በየሁለት ዓመቱ ተገምግሞ ይታይ፤ ቴክኖሎጂው አይጠብቀንምና።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ቀጣዩ ረቂቅ መምጣቱ አይቀርም፤ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሁን ስለ ሌላ። አስረጂዎቹ ስለ ሉዓላዊነትና ስለ አገር ገጽታ ብዙ ይነግሯችኋል። እናንተ ግን ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቋቸው፦ በመረጠኝ ወረዳ የምትኖር አንዲት ሴት ዛሬ ማታ በስልኳ ብትጠቃ፣ በዚህ ሕግ መሠረት ነገ ጠዋት የት ትሄዳለች፣ ማን ይቀበላታል፣ እስከ መቼ መልስ ታገኛለች? መልሱ በረቂቁ ውስጥ አንቀጽ ካለው እጃችሁን አንሱ። ከሌለው ግን ረቂቁን ላመጣው መሥሪያ ቤት መልሱለት፤ ዛሬ መመለስ፣ ሰው ከተጎዳ በኋላ ለማሻሻል ከመሰብሰብ ይሻላል።